«አባ ስዊዘርላንድን ያውቃል»

ማርች 14፣ 2015፣ ቅዳሜ

156/94። ዶክተሯ የደም ግፊትህን በየቀኑ ለካና ጻፍ ብላ ነው ይህን ደብተር ያስገዛችኝ። ቁጥሩን ብቻ ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ዛሬ ግን ለምን ከፍ እንዳለ ስለማውቅ እሱንም ልጻፈው።

ልጃችን ሐሴት እኔንና ጸሐይወርቅን ምሳ ጋበዘችን። ነርስ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ምግቡ ሳይመጣ ለእናቷ ፖስታ ሰጠቻት። ጸሐይወርቅ ከፍታ አየችና አፏን በመዳፏ ያዘች። ከቶሮንቶ ዙሪክ፣ ለሦስት ሰው፣ ጁላይ 8 ሄዶ ጁላይ 22 መመለስ። ለሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻችን።

«ቲኬቱ የኔ ነው» አለች ሐሴት። «የት እንደምናድር፣ የትኛው ተራራ ላይ እንደምንወጣ፣ በቀን የት ደርሰን እንደምንመለስ ግን አባ ነው የሚያቅደው። አባ ስዊዘርላንድን ያውቃል።»

ጸሐይወርቅ እጄን ያዘች። «የተማርክበትን ትምህርት ቤት ላየው ነው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ደስ አለኝ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ደግሜ ደስ አለኝ አልኩ።

ማርች 15፣ እሑድ

160/95። ጸሐይወርቅ ከቅዳሴ በኋላ ላገኘችው ሁሉ ነገረች። ሁለት ፎቅ ከበላያችን የሚኖረው ሙሉነህ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «የኛ ስዊዝ አገሩ ሊገባ ነው!» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

በሥራ ቦታም ስሜ ይኸው ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ ለሰርግና ለስብሰባ የሚያስተናግዱትን የምመራ ካፕቴን ነኝ። አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር «ከዘርይሁን ተማር፣ ሎዛን የሆቴል ትምህርት ቤት ነው የተማረው» ይባላል።

ይባላል ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ያለው ሌላ ሰው ይመስል።

ማርች 22፣ እሑድ

ከዌስተን ላይብረሪ ሦስት የጉዞ መጽሐፍና አንድ ካርታ አወጣሁ። የሚያውቀኝ እንዳያይ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ደርቤ ያዝኩ። ስዊዘርላንድን የሚያውቅ ሰው የስዊዘርላንድ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?

ዕቅዱን በሙሉ ወደ ምሥራቅና ወደ መሐል አገር አደረግኩት። ሉዘርን ሦስት ሌሊት፤ ከዚያ በመርከብ ሐይቁን ተሻግሮ ሪጊ ተራራ ደርሶ መመለስ። በሌላ ቀን ፒላቱስ። ቀጥሎ መጽሐፎቹ በሚያነሱት ቀይ ባቡር ወደ ምሥራቅ ተራሮች፣ እዚያ አምስት ሌሊት። የበርን ተራሮች ያሉበትን ገጽ አልገለጥኩትም። ሎዛንን ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ጊዜ ካለ ብዬ በትንሽ ፊደል ጻፍኩ።

ማርች 29፣ እሑድ

ሐሴት ዕቅዱን አየችና «አባ፣ ሁሉም ሰው የሚሄድበትን ለምን ዘለልከው?» አለችኝ። ስልኳ ላይ ላውተርብሩነንን አሳየችኝ፤ ከገደል ላይ የሚወርደውን ፏፏቴ፣ መኪና የማይገባባቸውን መንደሮች። «ማም እዚህ ነው ማደር ያለባት።»

«እዚያ ቱሪስት ይበዛል» አልኳት። «እኛስ ምንድን ነን?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሸለቆ በላይ ባለች መንደር አሥራ አራት ወር ኖሬያለሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት መጨረሻ ላይ ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ፣ አንድ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። የምቆምበት ቦታ ትንሽ መስኮት ነበረው። ባቡር ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁን እሰማለሁ፤ ተሳፍሬበት አላውቅም። ሎዛንን ያየሁት አንድ ቀን ነው። ሆቴሉ ሠራተኞቹን በአውቶቡስ ሲያዝናና ያ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው እሱ ነው።

ሰማንያ ስምንት ቶሮንቶ መጥቼ ለሥራ ስጠየቅ ሰውዬው «ስዊዘርላንድ? የሆቴል ትምህርት ቤት ነበርክ?» አለኝ። የስ አልኩ። ሌላ እንግሊዝኛ አልነበረኝም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ኖ የሚለውንም አውቅ ነበር።

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ

ሙሉነህ የወንድሙን ልጅ ሊሊን ይዟት መጣ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሆቴል አስተዳደር መማር ትፈልጋለች። ማስታወሻ ደብተር ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ ፈተናው ከባድ ነበር? ምን ጠየቁዎት?»

«ጠባይ ነው የሚያዩት» አልኳት። ጻፈችው። «ጫማን ያያሉ።» እሱንም ጻፈችው። ጸሐይወርቅ ከጎኔ ቁጭ ብላ በኩራት ታየኛለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። የፕሮፌሰሮች ስም ፈጠርኩ። ልጅቷ ስትነሳ «የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል? እዚያ የተማረ ሰው ደብዳቤ ዋጋ አለው ይላሉ» አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ኤፕሪል 13፣ ሰኞ

ትናንት ፋሲካ ነበር። ሐሴት ሳህን እያደረቀች «አባ፣ ዲፕሎማህን ያገኘኸው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለችኝ። ሰማንያ ስምንት አልኩ። ሌላ ሳህን እያነሳች፣ «ስምህን ያኔ እንዴት ነበር የሚጽፉት? በዜድ ነው በኤስ?» ለምን አልኳት። «ዝም ብዬ ነው።»

ለአልበም ይሆናል። ለሃያ አምስተኛው ዓመት አንድ ነገር እያዘጋጀች ይመስለኛል።

ኤፕሪል 21፣ ማክሰኞ

በዕረፍት ሰዓት። 162/98። ሊሊ ደወለች፣ አላነሳሁም። ትናንትም ደውላ ነበር።

ኤፕሪል 30፣ ሐሙስ

እግዜር ይስጣት፣ ሐሴት ራሷ አቀለለችልኝ። «አባ፣ ሎዛን ሩቅ ነው። ካልፈለግክ ይቅር» አለች። ጸሐይወርቅ ተቆጣች፤ «እንዴት ይቅር? እኔ እኮ የምሄደው ለእሱ ነው!» ሐሴት እናቷን እንጂ እኔን ሳታይ «ማም፣ ፕሊስ፣ ይቅር» አለች።

አስተዋይ ልጅ ናት። ብዙ ባቡር እንደማልወድ ገብቷታል። ዛሬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምግብ በላሁ።

ሊሊን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከድሮ ተማሪዎች ደብዳቤ አይቀበልም አልኳት። «ድረ ገጻቸው ላይ ይቀበላል ይላል» አለችኝ፣ በትሕትና። አዲስ ሕግ ነው አልኳት።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

ሐሴት እኛ ጋ አደረች። ጠዋት በረንዳ ላይ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ሂ ዳዝንት ኖው ዛት አይ ኖው» አለች፣ እንደማውቅ አያውቅም ማለቷ ነው፤ ቀጥላም «እማዬ ስትሰማ ትሞታለች።» ድምፅዋ የለቅሶ ነበር።

የወንድ ጓደኛ ይዛ ይሆናል። የማን ልጅ ነው? ጸሐይወርቅም «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች፣ ከአንተ ጋር አትጫወትም» አለችኝ። ሥራው ነው፣ የአዳር ፈረቃ ነው አልኳት።

ሜይ 17፣ እሑድ

ቁጥሩን አልለካሁም።

ሐሴት ከቤተ ክርስቲያን በመኪናዋ መለሰችኝ። እናቷ ለማኅበር ቀርታ ነበር። ሕንጻችን በር ላይ መኪናውን አቆመች፤ አልወረድንም።

«አባ፣ ለእማዬ ሰርፕራይዝ ላደርግ ብዬ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፍኩ። አስጎብኙን፣ ስሙን በድሮ መዝገብ ላይ አሳዩዋት ብዬ። ማርች መጨረሻ ላይ መለሱልኝ። እንደዚህ የሚባል ተማሪ አልነበረንም አሉ። ከፋሲካ በኋላም ደግመው በዜድም በኤስም ፈለጉልኝ።»

መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ዳሽቦርዱን አያለሁ።

«መዝገባቸው ድሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አባ።»

ሐሴት ሕፃን ሳለች በንዴት ታለቅስ ነበር፤ አሁን እንባዋ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። «ሁለት ወር ሙሉ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ መንገድ ስከፍትልህ ነበር። አይ ዶንት ኬር ምን ሠርተህ እንደነበር። ለእማዬ ግን አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?»

እኔ አልኳት። መቼ አለችኝ። በቅርቡ አልኩ። «በቅርቡ ቀን አይደለም» አለች።

ስለ ወንድ ጓደኛ የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። እዚሁ ደብተር ላይ፣ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ራሴን አታልላለሁ።

ሜይ 20፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር።

ሜይ 23፣ ቅዳሜ

አልነገርኳትም። ለጉዞ ጫማ ገዝታ መጣች። ለተራራ የሚሆን፣ ታቹ ወፍራም። ቤት ውስጥ አድርጋው ስትዘዋወር ዋለች።

ሜይ 30፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ መነጽሯን አድርጋ መንደሮቹን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ከላውተርብሩነን በላይ ስትደርስ ጣቷ ላይ እጄን አደረግኩ። «እዚህ ነበርኩ። ሎዛን አልተማርኩም። እዚህ ሳህን ሳጥብ ነበር።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች። ሁሉንም ነገርኳት፤ መስኮቱን፣ አውቶቡሱን፣ ፎቶውን፣ የስ ማለቴን። በጥሞና ሰማችኝ። «ለዚህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አለችኝ። «ሳህን ማጠብ ነው እኮ፣ ዘርይሁን! ሰው ገደልኩ ልትለኝ መስሎኝ።» ራሴን ነካችኝ። ተርፌያለሁ ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ ተርፌያለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ተነስታ ውኃ ጠጣች። ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«የዘጠና ስድስቱስ?»

«የቱ?» አልኩ። የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ግምገማው። ዲፕሎማዬን ልኬ አስገመገምኩ፣ ከካናዳ ዲፕሎማ እኩል ነው አሉኝ፣ ደብዳቤው መጣ ያልከኝ።»

ዘጠና ስድስት ላይ ጸሐይወርቅ ነርሲንግ ኮሌጅ ተቀብሏት ነበር። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠችውን ልትቀጥል። ሐሴት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሁለታችንም ቀን ከሌት ውጭ መሆን አንችልም ነበር። እኔ ነኝ የተከራከርኳት። «የኔ ወረቀት ተገምግሞ መጥቷል፣ ሁለት ዓመት ታገሺኝ፣ ማኔጀር ስሆን ያንቺ ተራ ነው» አልኳት። አሳየኝ አላለችም። የኮሌጁን ቦታ በስልክ ስትተው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ገባች። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያው ናት። እኔም ማኔጀር አልሆንኩም።

ለምን እንደተከራከርኳት እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም። ልጅ የሚይዝ ጠፍቶ አልነበረም። የሙሉነህ ሚስት እይዝላችኋለሁ ብላን ነበር። እሷ ተምራ ወረቀት ከያዘች፣ የኔ ወረቀት የት አለ ትላለች ብዬ ነው የፈራሁት።

«ደብዳቤ አልነበረም» አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከመኝታ ቤት የታጠበ ልብስ በቅርጫት አምጥታ ማጠፍ ጀመረች። የኔን ሸሚዞች ለይታ ሳታጥፍ ተወቻቸው።

ጁን 2፣ ማክሰኞ

አታናግረኝም። ፎቶው ከሳሎን ወርዷል። አልጠየቅኩም።

ጁን 14፣ እሑድ

ሐሙስ ዕለት ሊሊን ሕንጻችን በር ላይ አገኘኋትና እውነቱን ነገርኳት። ጫማ ያያሉ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ስሞቹም ውሸት ናቸው፣ ሳህን አጣቢ ነበርኩ አልኳት። እንዳትታዘበኝ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ያልጠበቅኩትን አለች። «እንግዲያ ስለ ጓዳው ይንገሩኝ። ጓዳ የሠራ ሰው አላውቅም።» ሙሉነህ ግን በማግስቱ ሊፍት ውስጥ ሰላም አላለኝም።

ሥራ ቦታ ለሱፐርቫይዘሬም ነገርኳት። ለአለቆቿ እንደምታሳውቅ ነገረችኝ። ያስወጡኝ ይሆናል፤ ገና አልታወቀም።

ዛሬ ከሰዓት ጸሐይወርቅ አናገረችኝ። ቆማ ነው ያናገረችኝ።

«እኔና ሐሴት እንሄዳለን። አንተ ትቀራለህ። ዕቅዱን ግን አንተ ጨርስልን፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ፣ ምን እንደምችል ታውቃለህ። ያቺን መንደር አስገባት።»

«ለምን?»

«ትምህርቴን የተውኩለትን ቦታ ልየው።»

ጁን 27፣ ቅዳሜ

ጨረስኩ። በሕይወቴ እንደዚህ የደከምኩበት ሥራ የለም።

ሉዘርን ሁለት ሌሊት ብቻ። ሪጊ በባቡር ወጥቶ በባቡር መውረድ፤ ፒላቱስ ቁልቁል መሄድ ስላለው ለጉልበቷ አይሆንም፣ ቀረ። ከዚያ መኪና በማይገባባት በቬንገን አምስት ሌሊት፤ ክፍሉ ምድር ቤት ነው ወይ፣ ደረጃ የለበትም ወይ ብዬ በስልክ ጠየቅኩ። ከፍታው ላይ የሚወጡት ጠዋት ማልደው ይሁን፣ ከቀትር በኋላ ደመና ይሸፍናል። የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚወርድ ለየቀኑ ጻፍኩ። በዝናብ ቀን የት እንደሚውሉም። ሻንጣ ከጣቢያ ጣቢያ መላክ እንደሚቻል አላውቅም ነበር፤ ይቻላል።

የመንደሯን ስም በዘጠነኛው ቀን ላይ ጻፍኩ። ደርሶ መመለስ። ሆቴሉ ከጣቢያው ወደ ግራ፣ ጓዳው ከኋላ። የማላውቀውን ሁሉ «አላውቅም፣ እዚያ ጠይቁ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ቦታ ላይ ነው የጻፍኩት።

ጸሐይወርቅ አንብባ አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ የነገረችኝ ረጅሙ ነገር ነው።

ጁላይ 8፣ ረቡዕ

ከዌስተን ጣቢያ በአዲሱ የኤርፖርት ባቡር ሄዱ። ሻንጣውን እስከ ባቡሩ በር ድረስ ያዝኩላቸው። ሐሴት ሳመችኝ። ጸሐይወርቅ አዲሱን ጫማ አድርጋ ነበር። «ግፊትህን ለካ» አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

ጁላይ 12፣ እሑድ

148/90። ሐሴት ደወለች። ሪጊ ላይ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ሲታይ እማዬ ጮኸች አለችኝ። ጮኸች? ጸሐይወርቅ ጮኻ አታውቅም። ለብዙ ሰዓት አብሬያቸው ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ አብሬያቸው አለመሆኔ ትዝ አለኝ።

ጁላይ 16፣ ሐሙስ

ዘጠነኛው ቀን። ጠዋት ከሥራ በፊት ስልኩ ጮኸ። ጸሐይወርቅ ናት፤ እሷ ራሷ።

«ደርሻለሁ» አለች። ነፋስ ይሰማል። «ሆቴሉ አለ። ቀለሙን ቀይረውታል መሰለኝ። በፊት ለፊት ገባሁና ባለቤቴ እዚህ ሠርቶ ነበር አልኳቸው። አንዲት ሴት ጓዳውን አሳየችኝ። አሁን ማሽን ነው የሚያጥበው፤ መስኮቷ ግን አለች።»

«ተራራው ይታያል?»

«ጎንበስ ካልክ።»

ከኋላዋ ባቡር ሲወጣ ሰማሁ፤ ድምፁን ለየሁት።

«ጸሐይወርቅ፣ እዚያ መሄድሽ አሳፍሮኛል» አልኳት። «እዚያ ቆመሽ እኔን ስታስቢኝ...»

«ስማኝ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገር ነው የተናገረችው። «እዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ፈልጌ አጣሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቆሞ ሳህን ያጠበበት ቦታ ነው። ያንተ የሚያሳፍረው ቶሮንቶ ነው ያለው። እኛ ቤት ውስጥ።»

አዎ አልኩ። ሌላ ልጨምር አልሞከርኩም።

«መስከረም ላይ ኮሌጅ ልመዘገብ ነው። ሐሴት ፎርሙን ሞልታልኛለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እንግሊዝኛዬም ገና ነው፣ ግን እመዘገባለሁ። ማታ ማታ ነው የሚሆነው። ምግቡን አንተ ትሠራለህ፣ ቤቱን አንተ ታያለህ።»

«እሺ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ገና አላሰብኩበትም። አሁን ባቡሩ ሊሄድ ነው፤ ወደ ላይ ልወጣበት ነው» አለችና ዘጋችው።